በናሁሰናይ ተይዟል

ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። መብራቱም ቢሆን ሰው ሁሉ ጋደም ያለበትን ሰዓት እየጠበቀ የመጥፋት ክፉ አመል አለው።

ቱሪያ ግን ቀትር ላይ አትተኛም። መጋላ ባለው የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ከጥር ወዲህ እሷ ሁለት ሰው ናት። ጠዋት በራሷ ስም ገብታ የራሷን ሥራ ትሠራለች። ቀትር ላይ ሌላው ወደየቤቱ ሲበተን ደግሞ የጋሽ ናሁሰናይን ኮምፒውተር ትከፍትና በእሱ ስም፣ በእሱ የይለፍ ቃል ገብታ የእሱን ደረሰኞች ትመዘግባለች። ጋሽ ናሁሰናይ ራሱ ሳቢያን ሰፈር አልጋው ላይ ነው። ጥር ላይ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን አሰረው፤ አንደበቱንም ይዞት ሄደ።

ሐሳቡን ያመጣው ለቢሮው ጉምሩክ የሚመላለሰው አብዱላሂ ነው። የቢሮው ባለቤት ሐጂ ሞሐሙድ ከሞቱ ወዲህ ሥራውን የሚመራው ልጃቸው ኻሊፍ ሲሆን የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ሠራተኛ በዝቷል እያለ ማጉረምረም ከጀመረም ሰንብቷል። የታመመ ሰው ስም ቢደርሰው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

«አቦ፣ እኛ እያለን ጋሽ ናሁ ይባረራል እንዴ?» አለ አብዱላሂ። «ኻሊፍ እዚያ ሆኖ የሚያየው የገባውን ሰው ስም ነው። ስሙ ከገባ ሰውየው አለ ማለት ነው። ወላሂ፣ አንድ ሁለት ወር ነው፣ ይድናል።»

አንድ ሁለት ወሩ አለፈ፤ ጋሽ ናሁሰናይም አልዳነ። ቱሪያ ግን ቀጠለች። ኻሊፍ በቴሌግራም ሲጽፍለት በጋሽ ናሁሰናይ ስም የምትመልሰው እሷ ናት፣ ያውም እሱ እንደሚጽፈው አጠር አድርጋ። ሥራውን አንድ በአንድ ያስተማራት እሱ ነበርና ውለታው አንጀቷን ይበላታል። በየሳምንቱ እየሄደች ምን ምን እንደመዘገበችለት ስትነግረው ዓይኑ ያበራል። እሱ ዘንድ ያ ወንበር ገና የእሱ ነው።

የዚያን ቀን ቀትር በስሙ ገብታ እየሠራች መብራቱ ድርግም አለ።

ይህ የሂሳብ ፕሮግራም የሚባለው ነገር አመለኛ ነው። አንድ ሰው መዝገብ ሲከፍት ሌላው ገብቶ እንዳያበላሽበት ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፤ በወጉ ሲወጣ ምልክቱን ያነሳል። ጋሽ ናሁሰናይ ሲያስተምራት «በር ላይ እንደተቀመጠ ጫማ ቁጠሪው» ብሏት ነበር። «ጫማው ካለ ሰውየው ውስጥ ነው፤ አንቺ ደጅ ጠብቂ።» መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ሰውየው በባዶ እግሩ ወጥቶ ይሄዳል፣ ጫማው በሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጫማውን የሚያነሳ እስኪመጣ ማንም አይገባም።

መብራቱ ሲመለስ ቱሪያ በራሷ ስም ልትገባ ሞከረች። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጣች፦ መዝገቡ በናሁሰናይ ተይዟል። እንደገና ሞከረች። በናሁሰናይ ተይዟል። በእሱ ስም ልግባ ብትል ደግሞ ናሁሰናይ ቀድሞ ገብቷል አላት። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፣ ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ ተሳደበች። ዞሮ ዞሮ ያው ነው። የወሩን ግብር ለማሳወቅ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ያ ቀን ነበር።

ምልክቱን ማንሳት ለሚችል ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። የሚችለው ግን ኻሊፍ ብቻ ነው። አምና አንዱ ሠራተኛ ሌላ ሰው መዝገቡ ውስጥ እያለ ምልክቱን አጥፍቶ መዝገቡ ድብልቅልቁ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኻሊፍ ሥልጣኑን ሁሉ ወደ ራሱ ሰብስቦ ሕግ አወጣ፦ መዝገቡ በስሙ የተያዘ ሰው በገዛ አንደበቱ መውጣቱን ካልነገረው ምንም ነገር አያነሳም። ጽሑፍ አይቀበልም፤ ድምፅ መስማት አለበት። ሕጉ ሲወጣ ሁሉም ደግ ነው ብሎ ነበር፣ ቱሪያም ጭምር።

ደወለችለት።

«በማን ስም ነው የተያዘው?» አላት ኻሊፍ።

«በጋሽ ናሁ።»

«ታዲያ እሱን አገናኚኛ።»

«ለምሳ ቤቱ ሄዷል። ስልኩም ዝግ ነው።»

ኻሊፍ ሳቀ። «አንድ ቀን ቢያርፍ በዚያው መብራት ይጥፋበት! በይ ባጃጅ ያዢና ሂጂ፣ ስትደርሺ ከስልክሽ ደውይልኝ። እንዲያውም ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ፣ የማወራውም አለኝ።»

ስልኩን አስቀምጣ ባጃጅ ያዘች። ጉዱ ፈላ በቃ። ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ አልፎ የከዚራን ሰፈር እያቋረጠ ነበር አንድ ነገር ብልጭ ያለላት።

ጋሽ ናሁሰናይ ጨርሶ ዲዳ አልሆነም። ስትሮኩ ከቃል ሁሉ አንዷን ትቶለታል፤ «እሺ» የምትለዋን። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ብሏል። ሰው ሰላም ሲለው እሺ ይላል፣ ውሃ ሲጠማው እሺ ይላል፣ ሲናደድ እሺ፣ ሲያለቅስም እሺ። ሌላ ቃል ለማውጣት ሲታገል ላብ በላብ ይሆንና መጨረሻ ላይ ያችው ትመጣለች። የሚነገረውን ግን አንድ ሳያመልጠው ይሰማል፣ ይገባዋል።

እና ኻሊፍ «ወጥተሃል ወይ?» ቢለው ምን ያስፈልጋል? «እሺ» ይበቃል። ቱሪያ ባጃጁ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ አለች። ያች ከንቱ ቃል ለአንዴ እንኳ ሥራ ልትሠራ ነው።

በሩን የከፈተችላት የጋሽ ናሁሰናይ ሚስት ሰርካዲስ ናት። ሰው በዚህ ሰዓት ሲያንኳኳ ክፉ ወሬ ነው ብላ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አትደንግጪ እትዬ ሰርካዲስ፣ የስልክ ጉዳይ ብቻ ነው» አለችና ቱሪያ ነገሩን አስረዳቻት።

«ኻሊፍ ቢነቃብንስ?» አለች ሰርካዲስ። «እጁን የሚያሠራው ባለሙያ እኮ በዚች ደሞዝ ነው የሚመጣው። ባለፈው ራሱ ጣቱን አንቀሳቀሰ፣ ነገርኩሽ አይደል? አሁን ቢቋረጥበት ያችም ትቀራለች።»

«አይነቃም፣ ኢንሻአላህ። አንቺ ብቻ ድምፅ እንዳይኖር አድርጊልኝ።»

ሰርካዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ደጃፉ ላይ ቆማም የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ክላክስ እንዳይነፋ በእጇ ትለምን ጀመር።

ቱሪያ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ጫማህን በር ላይ ረስተህ ሄድክ» አለችው።

ጋሽ ናሁሰናይ ወዲያው ገባው። በደህናው የአፉ ጎን ሳቀ። «እሺ» አላት።

«ኻሊፍ ወጥተሃል ወይ ይልሃል። አንተ እንደ ሁልጊዜህ መልስለት። ሌላው የኔ ነው።» ደወለችና ድምፁን ከፍታ ስልኩን ትራሱ ላይ አኖረችው።

«ጋሽ ናሁ!» አለ ኻሊፍ። ድሬ ያደገ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ አባቱንም አንተ ብሎ ነው ያደገው። «አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

«እሺ።»

«ቤተሰብስ ሰላም ነው?»

«እሺ።»

ቱሪያ አንገቷን ወደ ስልኩ ሰደደች። «ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው ኻሊፍ፣ ቶሎ በለው።»

«እሱ ድሮም ወሬ አያበዛ» ብሎ ሳቀ ኻሊፍ። «ጋሼ፣ ከመዝገቡ ወጥተሃል? ላንሳው?»

«እሺ።»

ጥርት ያለች እሺ ነበረች። ከወዲያ ኪቦርድ ሲንኳኳ ተሰማ። «በቃ፣ ተነስቷል። ቱሪያ፣ ሄደሽ የወሩን ግብር ጨርሺ» አለ። ቱሪያ ደስታው ሊያስጮሃት ምንም አልቀራትም። ስልኩን ልትዘጋ ጣቷን ሰደደች።

«ቆይ፣ አትዝጊው» አለ ኻሊፍ። ድምፁ ረገብ አለ። «ጋሼ፣ ይኸን በጽሑፍ ልልህ ነውር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያንን ቢሮ የተሸከምከው አንተ ነህ። እዚህ ሆኜ አያለሁ እኮ። ሰው ሁሉ ቀትር ላይ ተኝቶ ያንተ ስም ብቻውን ክፍት ነው። ባለፉት ወራትማ አንድ ቀን አላረፍክም። በዚህ ዕድሜህ፣ በዚያ ሙቀት! ወላሂ አፈርኩ።»

ያ ሁሉ ቀትር የእሷ ቀትር ነበር።

«ከዚህ ወር በኋላ እረፍልኝ» አለ ኻሊፍ። «ሕጉ የሚልህን ሁሉ ሳላጎድል እሰጥሃለሁ። የሚስቴ ወንድም አካውንቲንግ ጨርሷል፣ እሱ ይተካሃል። ግን ጋሼ፣ አንተ ካልፈለግህ አይሆንም። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥር ያስቆጠረኝን ሰው በግድ አላስወጣም። አይሆንም ካልከኝ በአላህ ስም፣ እስክትጠግብ እዚያው ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ። ምን ትላለህ?»

ጋሽ ናሁሰናይ አፉን ከፈተ። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «አ…» አለ። «አ…» አለ ደግሞ፣ ዓይኑን ቱሪያ ላይ እንደተከለ። «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ከንፈሩ ድረስ መጥታ ነበር፤ ቱሪያ እስክትሞት ይህን ትምላለች።

«እሺ» አለ።

የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። በግራ እጁ አልጋውን መታ። «እሺ!» ብሎ ጮኸ። ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ፣ እንባው ጆሮው ላይ እየወረደ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ «እሺ! እሺ! እሺ!» አለ።

ኻሊፍ ሲናገር ሆዱ እንደባባ ያስታውቅበት ነበር። «አላህ ዕድሜ ይስጥህ ጋሼ። እንዲህ ደስ ብሎህ ትቀበለኛለህ ብዬ አላሰብኩም። እኔ ሞኙ፣ ስንት ጊዜ ፈርቼህ ኖርኩ።»

«ኻሊፍ» አለች ቱሪያ።

«አቤት?»

እሺ አላለም፣ ልትል ነበር። የቀረለት ቃል ይኸው ብቻ ነው፣ አይሆንም እያለህ ነው፣ ልትል ነበር። ግን ያን ካለች ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል፦ በእሱ ስም የመዘገበችው ሁሉ፣ በእሱ ስም የጻፈቻቸው መልእክቶች፣ አብዱላሂ፣ የራሷ እንጀራ፣ በእሷ ደሞዝ የሚያድሩት እናቷና እህቶቿ። ጋሽ ናሁሰናይ ዓይን ዓይኗን ያያል። ፈራች። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራች።

«ምንም» አለች። «ኔትወርኩ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ናሁሰናይ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገችና ምን ብሎ እንደሚመልስላት ስለምታውቅ ተወችው። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ላይ የኻሊፍ መልእክት ገባ። «የጋሼን ስም ከፕሮግራሙ አውጥቼዋለሁ። የቀረውንም ቀን ቤቱ ይረፍ» ይላል።

ሰርካዲስ ከደጅ እየሮጠች ገባች። ፊቷ በርቷል፤ ቱሪያ ከጥር ወዲህ እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

«ሰማሁት!» አለች። «በር ላይ ሆኜ ሰማሁት! እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም እኮ! ሰማሽው አይደል ቱሪያ?»

«ሰማሁት እትዬ» አለች ቱሪያ።

ሰርካዲስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ የባሏን እንባ ጠረገች፣ ላቡንም ጠረገች፣ ግንባሩን ሳመችው። «የደስታ ነው፣ አውቄዋለሁ» አለች። «ሥራህ ተረፈልን አይደል፣ የኔ ጌታ?»

ጋሽ ናሁሰናይ ሚስቱን አያት።

«እሺ» አላት።