መጽሐፉ ላይ ታገኚዋለሽ

«ማማ፣ ዋጌኒ መጥተዋል። ቻይ ልቅዳላቸው?» አለች ልጇ ሐሴት ስዋሂሊ እየቀላቀለች፣ በሩ ላይ ቆማ።

ጌጤ ለእንግዶቹ ሻይ እንድትቀዳ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ፍራሹ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ የሟች ባሏን የተክሉን መጽሐፍ እያነበበች ነበር። ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ያለችው ጠባብ ቤታቸው በለቀስተኛ ተጨናንቃለች። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የመጣው ተክሉ በተቀበረ ማግስት ነው። እንግዳው ሁሉ አንስቶ ያገላብጥና «ድንቅ ሥራ ነው!» ይላል። ከሽፋኑ ያለፈ ግን የለም። ጌጤ ብቻ ናት ያነበበችው፤ እሷም ልትጨርሰው ጥቂት ገጽ ቀርቷት እንኳ የምትፈልገውን አላገኘችም።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት በከብት መኪና ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ሲመጡ ወባ ጥሏት ራሷን ስታ ነበር። ስትነቃ ሕፃን ልጇ ኢያሱ ከጎኗ የለም። ሞቶ፣ ተክሉና ሾፌሩ መንገድ ላይ ቀብረውታል። የት ብላ በጠየቀችው ቁጥር ተክሉ ፊቱን ያዞራል።

«በአፌ አልችልም፣ ጌጥዬ። እየጻፍኩት ነው። መጽሐፉ ላይ ታገኚዋለሽ።»

አመነችው። ጊጊሪ ባለው የስደተኞች ቢሮ ለሰው ሲያስተረጉም ውሎ፣ ደክሞት ገብቶ ሲጽፍ፣ ሻይ አጠገቡ እያስቀመጠች ዓመታት ጠበቀች።

ታዲያ ያን ሁሉ ስደት ያየ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ደረቅ መጽሐፍ ይጽፋል? የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢ ተመረጠ፣ የጸሎት ፕሮግራም ወጣ። መጻፍ የማይችል ቢሆን ባልከፋት። በረሃው ላይ ዝናብ የጣለበትን ቀን ግን አሳምሮ ጽፎታል፤ ሴቶቹ በድስት፣ ወንዶቹ በጫማቸው ውሃ ሲቀበሉ። እዚያ ጋ ስትደርስ በለቅሶው መሀል ሳቀች። ቀጥሎ፣ «በመንገድም ሕፃናት አርፈውብናል» ይላል። ከዚያ እንደገና ኮሚቴው። መጽሐፉን ልትወረውረውም ልታቅፈውም አማራት።

«እንዴት አገኘሽው?» አሉ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ መኳንንት፣ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው።

«ጋሼ፣ የልጄ ነገር የለበትም።»

ሽማግሌው ሊያጽናኗት ፈገግ አሉ። «ነበረበት እኮ! ረቂቁን ያየንለት እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። ወንድም ተክሉ፣ ይሄ ምስክርነት ነው፣ ጉባኤውን የሚያንጽ ይሁን፣ የቤት ሐዘን ከመጽሐፉ ይውጣ አልነው። ታዛዥ ሰው! ምዕራፉን እንዳለ አወጣው።»

«ወረቀቱስ?»

«እዚያው ፊታችን ቀደደው።»

ጌጤ ክንዳቸውን ጨምድዳ ያዘች። «እርስዎ አንብበውታል? የት ቀበርኩት ይላል?»

ፈገግታቸው ጠፋ። ያደረጉት ነገር ገና አሁን ገባቸው። «በችኮላ ነበር ያየሁት... ዛፍ ሥር የሚል መሰለኝ። ግራር።»

«ከማርሳቢት ከተማ በፊት ነው በኋላ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

«ወንዝ አለው? ተራራ ይታያል? የሆነ ነገር ይንገሩኝ እንጂ!»

«ግራር ነው ትዝ የሚለኝ። ይቅር በይኝ።»

በዚያ መንገድ ከግራር ሌላ ምን ዛፍ አለ? ጌጤ ደረቷን እየመታች ጮኸች፤ ልጇን በስሙ ጠራችው። ሴቶቹ ለባሏ የምታለቅስ መስሏቸው ግር ብለው ከበቧት። «ተይ እህቴ፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው አይለቀስም፤ ተክሉ ጌታው ጋ ነው» አሏት። አንዷ መዝሙር አነሳች፤ ቤቱ ሁሉ ተቀበላትና የጌጤ ድምፅ በመሀሉ ተዋጠ። ጋሽ መኳንንት ብቻ አልዘመሩም።

መዝሙሩ ሲያልቅ ጌጤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። መጽሐፉን አነሳችና ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ አንዷም ቃል እንዳታመልጣት ቀስ እያለች፣ ግራር የሚል ትፈልግ ጀመር።