የውዳሴ ራጅ

ዲላ ፎቶ ቤት አጥታ አይደለም። ነበራት፤ ያውም ገበያው አፍ ላይ። ግን ማንጠግቦሽና ባሏ ገብረኪዳን "ለፋሲካ እናስነሣታለን፣ ኧረ ለመስቀል ይሁን" ሲባባሉ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ውዳሴ በሳንባ ምች ሞተችባቸው። የጃንሆይ ፎቶ በየቤቱ ግድግዳ ተሰቅሏል፤ የውዳሴ ግን አንድም አልነበረም።

እናት ለቅሶ ላይ ታቅፋ የምታለቅሰው ፎቶ ስታጣ ምን ታድርግ? ማንጠግቦሽ ልጇ ሆስፒታል የተነሣችውን የደረት ራጅ ከፍራሽ ሥር መዝዛ ወጣች። "ኧረ በማርያም! የልጅ አጥንት ለለቀስተኛ ይታያል?" አሉ ሴቶቹ። ምን ገዷት! ከአርባው በኋላም መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የውዳሴ የጎድን አጥንቶች ብርሃን ሆነው ወለሉ ላይ ይወድቃሉ። ማንጠግቦሽ አትረግጣቸውም፤ ዞራ ታልፋለች። ገብረኪዳን በአፉ "ሞኝነት ነው" ይላል እንጂ እግሩ ግን ይዞራል። ከይርጋጨፌ ቡና የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ደረቷ የሚተነፍስ ይመስላል።

በሁለተኛው ክረምት የውዳሴን ታናሽ ወንድም ከፈለኝን ሳል ያዘው። እሱ ሲስል ከመስኮቱ በኩል ሌላ ሳል ይመልስለታል። የምትሰማው እናትየው ብቻ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ውላ ሳታድር አዝላው ሆስፒታል ሮጠች።

ዶክተር ተክለማርያም የልጁን ጀርባና ደረት አዳመጠ፣ ጉሮሮውን አየ።

"ጉንፋን ነው። በራሱ ጊዜ ይለቀዋል።"

"ራጁስ?"

"አያስፈልገውም። ትንፋሹ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉንፋን ራጅ ምንም አይጨምርልንም።"

"ለውዳሴ አንሥታችሁላት የለም እንዴ?"

"የእሷ ሌላ ነው። ሳንባዋ ታሞ ነበር።"

"እንዲድንበት አይደለም እኮ የምለምንዎ" አለች፤ እንባዋ ቀደማት። "ይሄም ከሞተብኝ በምን አየዋለሁ?"

ዶክተሩ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

"ወይዘሮ ማንጠግቦሽ" አላት፣ "ይሄ ልጅ ይድናል። ፎቶ ቤት ይውሰዱት።"

ፎቶ በሕይወት ያለ ሰውም እንደሚነሣ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። እንዳዘለችው በቀጥታ ወደ ገበያው ወረደች። ፎቶ አንሺው ፈለቀ የልጁን ንፍጥ በመሐረብ ጠረገ፣ እናትየውን ልጇን እንዳቀፈች ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ራሱን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ከተተ። ወዲያው ተመልሶ ብቅ አለ።

"እሜቴ፣ ግራ እጅዎን ያውርዱት እንጂ።"

"ዝም ብለህ አንሣ!" አለችው።

ፎቶው ሲደርስ ከፈለኝ ድኖ ደጅ የጨርቅ ኳስ ያባርራል። እሱን ሳሉ ለቆታል፤ የመስኮቱ ግን አልቆመም። ገብረኪዳን ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው። የማንጠግቦሽ ቀኝ እጅ ከፈለኝን ጭኗ ላይ አቅፏል። ግራ እጇ ከወንበሩ ጎን፣ ምንም በሌለበት፣ አየር ላይ ዐርፏል።

"ይሄ እጅሽ ምን ላይ ነው?" አላት።

"ትከሻዋ ላይ ነዋ።"