መሀሉን ተይለት

ቁልፍ ሠሪው ልጁን ከቀበረ ወዲህ ሱቁን ዘግቶ ቤት ይውላል። በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ የቼዝ ሰሌዳውን ያወጣል፤ ነጮቹን ጠጠሮች ባዶው ወንበር ፊት፣ ጥቁሮቹን ራሱ ፊት ይደረድራል። ከዚያ የሁለቱንም ወገን ይጫወታል። እንደ ልጁ ከጎን ይጀምርለታል፣ እንደ ልጁ ይሳሳትለታል፣ ስህተቱ ላይ ሲደርስ እየሳቀ «አንተ ባቡር፣ ዛሬም ፍሬን የለህም?» ይለዋል። ባቡር የልጁ ቅጽል ስም ነው። ሲሮጥ ኖሮ በሞተር ብስክሌት ሲሮጥ ሞተ።

ሴት ልጁ ይህን ሁሉ ከኩሽና ትሰማለች። ከሳቁ ቀጥሎ አባቷ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ይላል። ያኔ ወንበሩ ሲጥ ይላል። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ነው ብላ ራሷን ታጽናናለች፤ ግን ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ምን ያስጮኸዋል?

ጎረቤት «ከሞተ ጋር አይሞትም» ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷንም ሳህን ስታቀርብ እንኳ ቀና ብሎ አያያትም። ወንድሟን አፈር በልቶታል፣ አባቷን ደግሞ በቁሙ ልታጣው ነው። ስለዚህ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትወጣ ወንድሟን ቼዝ ያስተማረው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሄዳ፣ አስተምረኝ አለችው።

«መሀሉን ተይለት» አላት። ይግባበት፣ በወታደሮቹ አጥሩን ይጠር፤ አንቺ ፈረስሽን አውጪ፣ ጳጳስሽን ጥግ አስይዢው፣ ከዚያ ሆኖ ሰሌዳውን ሰያፍ እስከ ወዲያኛው ጥግ ያያል። አጥሩን ከጎን ሆነሽ ከሥሩ ትነቀንቂዋለሽ። ይህን እያስረዳ ሳለ መቀሱ ቆመ። «ወንድምሽ ሁሉንም ያውቅ ነበር፣ መጠበቅ ብቻ አያውቅም። የመሀሉን ወታደር ያለ ጊዜው ገፍቶ የራሱን ጳጳስ ዓይን ይጋርዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ስንቴ ነገርኩት።»

አንድ ምሽት አባቷ ጠጠሮቹን ደርድሮ ሳይጨርስ ሄዳ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ሰው አለው» አላት አባቷ፣ ከሰሌዳው ዓይኑን ሳያነሳ።

እሷ ግን አልተነሳችም። የጎኑን ወታደር ገፋች። የአባቷ እጅ በልማድ መለሰ። ፈረሷን አወጣች፣ ጳጳሷን ጥግ አስያዘች፣ መሀሉን ተወችለት። እሱም ገባበት። ፊቱ እየበራ መጣ፤ ዓይኑ ግን ከእሷ ትከሻ በላይ የሆነ ነገር ያያል።

«ባቡር፣ አሁን ልትገፋው ነው አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

እጇ ከመሀሉ ወታደር በላይ አንዣቧል። መቼ እንደዘረጋችው አታውቅም። ጣቶቿ ቀዘቀዙ፤ ሌላ የቸኮለ እጅ ከላይ ሆኖ የሚጫናት መሰላት። ብትገፋው አባቷ ይስቃል። ነገም እሷ ባቡር ሆና ትቀመጣለች፣ ቤቱም ሁለት ሙታን ይኖሩታል። ወንድሟ አሳዘናት፣ ደግሞም ፈራችው። ይቅር በለኝ አለችው በልቧ። እጇን ሰብስባ የዳሩን ወታደር ገፋች።

አባቷ ሳይነካ የቀረውን የመሀሉን ወታደር አየ።

«እሱ አይታገስም» አለ በመጨረሻ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰው ሰው አሁን እጅጌው እስኪርስ አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች። ሲወጣለት ማን እንዳስተማራት ጠየቃት፣ ነገረችው።

«እኔ እያለሁ? ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

ከልጅነቷ ጀምሮ የሻይ ትሪ ይዛ ከወንድሟ ጀርባ ቆማ ስታይ ነው ያደገችው። ተቀመጪ ያላት አልነበረም።

«ወንበሩ ሰው ነበረው፣ አባዬ።»

አባቷ ያን ጊዜ አያት። ከተቀመጠበት ተነስቶ ተንበረከከ፣ ካርቶን አጥፎ አጭሩ እግር ሥር ሸጎጠ። «እንግዲህ አይወዛወዝብሽም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። እሷ ግን አንዳንዴ ከኩሽና ሆና ታዳምጣለች።