የአምባቸው ማለዳ

ማለዳ መነሣት ተፈጥሮ ነው፣ በጎ ጠባይ ነው የሚሉ ሰዎች የየኔታን አርጩሜ አልቀመሱም። እኔ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለች ደብር ፊደል ስቆጥር፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ነበር የምንቀሰቀሰው። የዘገየ ይገረፋል። በጊዜ መጥቶ ያንቀላፋም ይገረፋል። ስለዚህ ዓይኔ ዛሬም በዚያው ሰዓት ይከፈታል። ማንም አያመስግነኝ፤ የሚነቃው የተገረፈ ጀርባዬ ነው።

ንባብ ጨርሼ ወደ ዜማ ልሻገር ስል የደብሩ አለቃ፣ የአምባቸው አባት፣ «ለዚህ ለድሃ ልጅ ንባብ ይበቃዋል፤ ሄዶ እርፍ ይያዝ» ብለው አስወጡኝ። አምባቸው አጠገባቸው ቆሞ ሣቀ። እሱ ንባቡንም በወጉ አልዘለቀውም ነበር፤ ግን የአለቃ ልጅ ነውና ማን ይናገረዋል? ያን ሣቅ አልረሳሁትም፤ የምረሳውም አይደለም።

ዘመን ዞሮ ጣሊያን ጎንደር ገባ። እኔም አምባቸውም ከወገራ ወደ ከተማ ወረድን። ዕድሌ ሆኖ ጎረቤት ሆንን፤ በመካከላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሁለታችንም መንገድ ለሚያሠራው ጣሊያን ተቀጠርን። እኔን መዶሻ አስያዙኝ፤ እሱን ካቦ አደረጉት። ካቦ ማለት ሠራተኛውን በማለዳ ግንቡ ሥር ሰብስቦ ማኪና ላይ የሚያሳፍር ነው። ማኪናዋ ፀሐይ ሳትወጣ ትነሣለች። የቀረ ሰው ዱር ገብቷል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ዱር ገባ የተባለ ሰው ምን እንደሚደረግ ደግሞ ለጎንደር ሰው አይነገርም።

አምባቸው አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም። ጣሊያኑ አሠሪ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ በአስተርጓሚ «ይህ ሰው ፀሐይን ይቀድማል» አለና አሮጌ ካፖርቱን ሸለመው። ከዚያ ወዲያ አምባቸውን የሚችለው ጠፋ። ካፖርቱን ለብሶ፣ ማኪናዋ ላይ ቆሞ ይሰብከናል።

«ሰነፍን እኔ ከአነሣሡ ነው የማውቀው። እኔን ማንም ቀስቅሶኝ አያውቅም። በደሜ ነው!»

በደሙ! እውነቱን የነገረችኝ ባለቤቴ ባንቺአየሁ ናት። ምንጭ ወርዳ ከአምባቸው ሚስት ከሸዋረግ ጋር ሲጫወቱ ሰምታ መጣች።

«ጎረቤትህን ማን እንደሚቀሰቅሰው ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ማን?»

«አንተ ነህ። ጸሎትህን ስትጀምር በግድግዳው ይሰማዋል። ‹ያ ቅስና ያመለጠው ጀመረ› ብሎ ይነሣል። ስትጨርስ ጫማውን አድርጎ ወጥቷል።»

ዶሮ እንዳይባል፣ የሰፈሩን አውራ ዶሮ ሁሉ የወታደሩ ወጥ ቤት ወስዶታል። ደወል እንዳይባል፣ ለዱር ሰው ምልክት ነው ተብሎ ከፀሐይ በፊት መደወል ተከልክሏል። በዚያ ሰፈር ከንጋት በፊት የሚሰማ የእኔ ድምፅ ብቻ ነበር። ለካ የአምባቸው ማለዳ ከእኔ አፍ የሚወጣ ኖሯል፤ ካፖርቱን ግን እሱ ለበሰው።

ለማንም አልተነፈስኩም። ባይነካኝ ኖሮ እንዲሁ ይቀር ነበር።

አንድ ሰኞ ግንቡ ሥር ማኪና ስንጠብቅ ዳኛው የሚባል የጠዳ ሰው፣ «አያ ካሴ፣ ምነው አንተ ሁልጊዜ ትቀድመናለህ?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት አምባቸው ቀደመኝ።

«እሱማ ምን እንቅልፍ አለው! ሲያላዝን ነው የሚያነጋው። ግዕዙን እየሰባበረ! ጅብ ይሻላል፤ ጅብ ያልተማረውን አይደግምም።»

ሰዉ ሣቀ። ዳኛውም ሣቀ።

«ጸሎት ነው» አልኩ።

«ጸሎት በልብ ነው! ካቦህ ነኝና አዝሃለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ድምፅህን አሳርፍ። ሰው ይተኛበት።»

«ይህን ሰዉ ሁሉ ሰምቷል?»

«ሰምቷል!»

«እሺ ካቦ።»

በማግስቱ እንደ ልማዴ ነቃሁ። ፊቴን ታጥቤ ግድግዳው አጠገብ ቆምኩና ጸሎቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቤ አደረስኩ። ከማዶ አምባቸው ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ባንቺአየሁ ከጋቢዋ ውስጥ ሆና፣ «ኧረ ተው፣ የልጆች አባት ነው» አለችኝ።

«ታዝዤ ነው» አልኳትና በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ ወጣሁ።

ማኪናዋ ያለ ካቦ ተነሣች። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አምባቸው አቀበቱን በሩጫ ወጥቶ ሥራው ላይ ደረሰብን፤ ካፖርቱ በጭቃ ተለውሷል። ጣሊያኑ ለምን ዘገየህ ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። በሠራተኛው ፊት በጅራፍ አስገረፈው፤ ካፖርቱን አስወለቀው፤ መዶሻ አሲዞ ከእኔ አጠገብ አስቀመጠው።

«ነገ ካቦነትህ ይመለስልሃል» አለው አስተርጓሚው። «ሁለተኛ ከቀረህ ግን ከዱር ሰዎች ጋር ትሰቀላለህ ይልሃል።»

አምባቸው ድንጋዩን ሲፈልጥ ቆየና፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለኝ።

«ካቦ አዞኝ።»

«አንተ እባብ!»

«እኔማ በደሙ ይነሣል ብዬ።»

ማታ ሸዋረግ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች።

«አያ ካሴ፣ በማርያም፣ ነገ ድምፅህን አሰማን። እኔ ከሕፃኑ ጋር ስታገል አድሬ ንጋት ላይ ነው እንቅልፍ የሚጥለኝ። ሰውዬውን ይሰቅሉብኛል።»

«አንቺ ምን በደልሽኝ» አልኳት። «ግን የከለከለኝ በሰው ፊት ነው፤ ሲፈቅድልኝም በሰው ፊት ይሁን። እስከዚያ በልቤ ነው።»

አምባቸው ሳይተኛ አደረ። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ሚስቱን ይሰድባል፤ ሁሉንም በግድግዳው ሰማሁት። ጠዋት ግንቡ ሥር ስደርስ ዓይኑ ደም መስሎ ቆሟል። ሠራተኛው ተሰብስቦ ሲያልቅ ወደ እኔ መጣ።

«ካሴ፣ ድገም» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ምን አልክ? ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ጸሎትህን ጮክ ብለህ ድገም ነው የምልህ!»

«ምነው? ጅብ ይሻል አልነበረም?»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ማንም ወደ ማኪናዋ አልተንቀሳቀሰም።

«የምትቀሰቅሰኝ አንተ ስለሆንክ» አለ አምባቸው መሬት መሬት እያየ።

ዳኛው ከት ብሎ ሣቀ፤ ሰዉም ተከተለው። «በደሙ!» እያሉ ተሳፈሩ። እኔ አልሣቅሁም። የዚያን የደብር ሣቅ ይህ አይሽረውም።

በማግስቱ ከወትሮዬ ቀደም ብዬ ተነሣሁ። የምለመን ሰው ሆኛለሁና ጉሮሮዬን በውሃ አራስኩ፤ ነጠላዬን አመሳቅዬ አጣፋሁ። ግድግዳው አጠገብ ቆሜ አፌን ስከፍት ከማዶ ሳል ተሰማ።

«ነቅቻለሁ» አለ አምባቸው። «አንተ ሳትነሣ ነው የነቃሁት። ዝም በል።»

የጣሊያን ጅራፍ የየኔታን አርጩሜ ሥራ ሠርቶለታል። እኔ ስንት ዓመት ተገርፌ ያገኘሁትን እሱ በአንድ ቀን አገኘው፤ እዚህም ቀለለለት። ድምፄ የተፈለገው ለአንድ ጠዋት ነበር፤ እሷንም ቀማኝ።

ጮክ ብዬ ጀመርኩ። እሱም ከማዶ ግድግዳውን በጡጫ ይደልቅ ጀመር።

ጣሊያን ከጎንደር እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ኖርን። እኔ እንዳልቀደም እሱ ሳይስል እነሣለሁ፤ እሱ እንዳይቀደም እኔ ሳልነሣ ይስላል። ሁለታችንም ከሳን፤ ዓይናችን ጎደጎደ። የሰፈሩ ሰው ግን «የወገራ ሰዎች ማለዳ መነሣት ሲያውቁበት!» እያለ ልጆቹን በእኛ ይመክር ነበር። ባንቺአየሁ ብቻ በየንጋቱ፣ «ሁለታችሁንም ድፍት ያድርጋችሁ» ብላ ጋቢዋን ትከናነባለች።