የአረንጓዴው ሰውዬ መንጋጋ

የፋርማሲ ሠራተኛዋ የአማቷን ቤት የኋለኛ ክፍል ያገኘችው ለምና አይደለም። ባሏ ከሞተ በኋላ አማቷ ራሳቸው፣ «ተነሺና እጅሽን ሥራ አስይዢው፤ አልጋ ላይ መፍዘዙ ይብቃሽ» ብለው ቁልፉን ሰጧት። ክፍሏ ላይ ዓይኑን የጣለው ግን የባሏ ታላቅ ወንድም ነበር። የጎማ ነጋዴ ነው፤ ለዕቃው ማከማቻ ይፈልጋታል። እሷ ደግሞ ሥዕል መማር ጀምራለች፤ ያቺን ክፍል ካጣች ሥዕሉንም አጣች። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ መኝታ ክፍሏ ከአልጋዋ ሌላ ምንም አይይዝም።

«ዛሬም ቤቱን በዚያ በቀለም ማቅጠኛሽ፣ በተርፔንታይን አጠንሽው?» ይላል ነጋዴው በበሩ ባለፈ ቁጥር።

«መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«አፍንጫዬንስ የት ልክፈተው?»

ጥርሷን ነክሳ ወደ ሸራዋ ትዞራለች።

የምታስተምራት ሴትም አንጀቷ የሚራራ አልነበረችም። የአንድ ኤክስፕሬሽኒስት፣ ስሜቱን በተጋነነ ቀለም የሚገልጽ ሠዓሊ ሥራ ኅትመት ሰጥታት፣ «ይህንን ገልብጪ» አለቻት። ፊቱ አረንጓዴ፣ ጆሮው ብርቱካናማ የሆነ ሰውዬ ነው፤ ከኋላው ያለው ሰማይ ደም መስሏል። መምህርቷ የመጀመሪያ ሙከራዋን ስታይ በቀለም ቢላዋ ሙልጭ አድርጋ ፋቀችው።

«አሽተሽ አሽተሽ ጭቃ አደረግሽው! የምትስዪው ሰው እንዳይቀየምሽ ነው እንዴ? ቀለሙን ጣል አድርጊና እጅሽን አንሺ!»

ከዚያ ወዲህ ጣል እያደረገች ታነሳለች። ከኮሪደሩ የነጋዴው ሳል ሲሰማ ብሩሹ ይከብዳል፣ ቀለሙም ይወፍራል።

ሥዕሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰውየው ሳያንኳኳ ገባ፤ ወለሉን ሊለካ ሜትር ይዟል። ሸራውን ሲያይ ሜትሩ ቷ ብሎ ተጠቀለለ።

«እማዬ! ነይ እዪልኝ! እንሽላሊት አድርጋ ስላኛለች!»

«ኧረ ጋሼ፣ ግልባጭ ነው! ይኸው ኅትመቱ!»

አማቷ መነጽራቸውን አደረጉና ኅትመቱን ከሸራው ጎን ያዙ። «አረንጓዴው፣ እሺ። ጆሮውም፣ እሺ። ይኼ ወደ ግራ የተንጋደደ መንጋጋ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።» ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። «አባትህም ሲያኮርፍ እንዲሁ ነበር።»

የፋርማሲ ሠራተኛዋ ክው አለች። ግልባጭ ነው ስትል አልዋሸችም ነበር። መንጋጋው ግን ቁጭ ብሎ ያያታል።

«ገና እርጥብ አይደል?» አለ ነጋዴው። «በጨርቅ ጥረጊው፣ ክፍሉ ላንቺ ይሁን፤ እናቴ ምስክር ናት። አልጠርግም ካልሽ ዛሬውኑ ልቀቂ።»

አማቷን አየቻቸው። «እኔ በእናንተ መሀል አልገባም» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ጨርቁን ተርፔንታይን ውስጥ ነክራ ተጠጋች። አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ ይበቃ ነበር። ከሥዕሉ ሁሉ ያልተገለበጠው ያ መንጋጋ ብቻ ነበር። ጨርቁን ወለሉ ላይ ጣለችው፣ ቁልፉን በአማቷ መዳፍ ላይ አኖረች፤ ሸራውን በጠርዙ ይዛ፣ እርጥቡን ፊቱን ወደ ፊት አድርጋ ወጣች።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ቀድሟት የወጣው ነጋዴ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

«ቆይ! ቀስ! ሸሚዜን!» ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። የራሱም መንጋጋ ወደ ግራ ተንጋደደ።

እሷም ቀስ አለች። በጣም ቀስ አለች።