የተረፈ ኪኒን

«አፍሽን ክፈቺ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ታናሽ እህቷ ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። ኪኒኑን የዋጠች መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ነገር ግን እጇ ከአፏ ወጥቶ ወደ ትራሱ ሥር ሲገባ ልብስ ሰፊዋ አይታለች። ትራሱን ብታነሳው በመሀረብ ጫፍ የተቋጠሩ ኪኒኖች ተገኙ። አንዷ ገና ከምራቋ አልደረቀችም።

«ምንድን ነው ይሄ? ያምሻል እንዴ?»

«ቀስ በይ እትዬ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ። ለማን ነው የምታስቀምጪው?»

«ለባሌ ነዋ። ትናንት ከመስኖ ቦዩ ሲመለስ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ብርድ ብርድ አለኝ ሲል ነበር። እኔ እንደሆነ ድኛለሁ። ትኩሳቱም ለቆኛል፣ እህልም እየቀመስኩ ነው።»

«እሱ ሄዶ ደሙን ይመርመራ።»

«ምን ነካሽ ዛሬ? የተረፈ መድኃኒት አይጣልም፣ ለሰው ይደርሳል የምትዪው አንቺ አይደለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ እርጥቧን ኪኒን ከመሀረቡ ለየች። ምን ትበል? የምትለው እሷው ናት።

በሸንኮራ እርሻው ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ነው የተሠሩት፤ ወባውም ከቤት ቤት ነው የሚዞረው። የታመመ ሰው ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ኪኒን ይጀምርና ቀለል ሲለው ያቆማል። የተረፈውን ለልብስ ሰፊዋ ያመጣላታል። እሷ ደግሞ ከአዝራሮቿ ጋር በቆርቆሮ ታኖረዋለች፤ የቸገረው ሲመጣ ትሰጣለች። ጨው እንደ መበደር በሉት። ቀለሙ ከተመሳሰለ ይበቃል፤ የማን ነበር፣ መቼ የተሰጠ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ሐኪሜ» እያሉ ይቀልዱባታል። ምን ይዋሻል፣ ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ወር እህቷ ሆዷ ገፍቶ ሳለ ያንቀጠቅጣት ጀመር። «በዚህ ሆድሽ ወረፋ ልትገተሪ ነው?» ብላ ልብስ ሰፊዋ ከቆርቆሮዋ ያለውን ሰጠቻት። ያለው ደግሞ መወሰድ ያለበትን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ትኩሳቱ ወረደ፤ ሁለቱም እፎይ አሉ። ሰንበት ብሎ ግን ብሶበት መጣ፤ ራሷን ስታ በጋሪ ጤና ጣቢያ ተወሰደች።

ነርሷ «ቀደም ብላ የወሰደችው መድኃኒት አለ?» ብላ ስትጠይቅ የእህቷ ባል አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ኧረ ምንም» አለች ልብስ ሰፊዋ። አፏ ቀደማት፤ ከዚያ በኋላ ማረም ፈራች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ያን ዕለት ነርሷ አሁን በመሀረብ የተቋጠረውን መድኃኒት ስታስረክባት እንዲህ አለቻት፦ «ከምግብ ጋር ትውሰድ። ተሻለኝ ብላ እንዳታቆም። ሰው ትኩሳቱ ሲወርድ ያቆማል፣ ወይ የሌላ ሰው ትራፊ ይውጣል፤ በሽታው ደም ውስጥ ይቆይና ይነሳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ለልጁም ይተርፋል።» ነርሷ ይህን የምትለው ለመጣው ሁሉ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ቆርቆሮዋን አሰበች።

«ዋጪ በእናትሽ» አለች አሁን፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ። ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ ለባልሽ እነግራለሁ አለቻት። እህቷ ወይ ፍንክች።

«እትዬ፣ ያኔ ያንቺ ኪኒን ባይደርስልኝ እኮ እኔም ከልጄ ጋር ሄጄ ነበር። ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ደግሞ እኔ እሱን ላትርፈው።»

እንዲህ ያለ ምስጋና ከስድብ ይከፋል። ዝም ብትል እህቷ ዕድሜ ልኳን ስትመርቃት ትኖራለች፤ ኪኒኑም መሀረብ ውስጥ ይቀራል። ያ በሽታ ደግሞ አንዴ እንዴት አድርጎ እንደሚመለስ በዓይኗ አይታለች። አሁን የቀረቻት ይህቺው እህቷ ብቻ ናት።

«አላተረፍኩሽም» አለች።

«ምን?»

«የሰጠሁሽ የሰው ትራፊ ነው፤ አይበቃም ነበር። ያገረሸብሽ በዚያ ነው። ልጁም… በዚያው ነው።»

እህቷ ክንዷን ተደግፋ ቀና አለች።

«ማን አለ?»

«ነርሷ። እኔን ብላ አይደለም፤ አታውቅም። ስትጠይቀኝ ምንም አልወሰደችም ብዬ ዋሸሁ።»

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ልጁን ሲቀብር አብረሽው አለቀስሽ።»

«አዎ።»

እህቷ መዳፏን ዘረጋች።

«የአሁኗን ብቻ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ኪኒኗን መዳፏ ላይ እያኖረችላት። «የዘለልሻቸውን ምን እንደምናደርግ ነርሷን እጠይቃለሁ። ደርበሽ እንዳትውጪ።»

እህቷ ዋጠች። ከዚያም ማንም ሳይላት አፏን በሰፊው ከፈተችና አሳየቻት።

«አየሽ? አሁን ውጪልኝ። የማታዋን እሱ ይሰጠኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ከደጅ ስትደርስ የእህቷ ባል እየመጣ ነበር። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚራመደው።

«ዋጠች?»

«ዋጠች።»

«ተመስገን። እኔም እኮ ሰውነቴ ልክ አይደለም። እስቲ አንድ ሁለት ኪኒን ካለሽ…»

«የለኝም። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ደምህን ትመረመራለህ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«በዚህ ፀሐይ። ደግሞ ለነርሷ የምነግራት ነገር አለ። አንተም እዚያው ቆመህ ትሰማለህ።»

ሰውዬው ፊቷን አየት አደረገ።

«ክፉ ነው እንዴ?»

«ክፉ ነው» አለችው። ቆሞ መራመድ እያቃተው ስለነበር ክንዱን ያዘችው። ሲሰማ ክንዱን እንደሚነጥቃት እያወቀች፣ እስከዚያው ደግፋው ሄደች።