የሰነፉ ፈረስ ግምገማ

ሰው ሁሉ ገምግሚኝ ይላል እንጂ መገምገም የሚወድ የለም። ይህን የምለው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። በኢንተርኔት ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎች ጨዋታዎቻቸውን ይልኩልኛል፤ እኔም አንድ በአንድ አይቼ ጠንካራ ጎናቸውንና ማሻሻል ያለባቸውን ጽፌ እመልስላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጠንካራ ጎናቸውን ደጋግመው ያነቡና ሁለተኛውን ክፍል ሳይነኩት "እናመሰግናለን" ብለው ይጠፋሉ። አንዱንማ "ትዕግሥት ይጎድልሃል" ብለው፣ ቀሪውን ሳያነብ ተናዶ መለሰልኝ።

የምሠራው ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ ወለሉ ላይ ትጋደማለች፣ ታች ያለው ጋራዥ መዶሻውን ያሳርፋል፣ እኔም ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ የሰውን ጨዋታ በሐሳቤ እየተጫወትኩ ነቃሁም ተኛሁም ሳልል እቆያለሁ። ጓደኞቼ "ደመወዝ ያለው እንቅልፍ" ይሉታል። ይበሉ። ጨዋታ እንደ ሰው ቤት ነው፤ ሳሎኑን ብቻ አይቶ የወጣ እንግዳ ባለቤቱን አያውቀውም። እኔ ጓዳው ድረስ ለመግባት እንዲህ መፍዘዝ አለብኝ።

"ሰነፉ ፈረስ" ጨዋታዎቹን የላከልኝ እንዲህ ባለ ከሰዓት ነው። መጫወቻ ስሙ ነው እንጂ ሰውዬው ሰነፍም ፈረስም አይደለም። አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ታፔላ ጻፊ ነው፤ በሰፈራችን ያሉ ሱቆች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ብሩሽ ነው። ቼዝ ያስተማረኝም እሱ ነው፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን እንደ ንጉሥና ንግሥት እየደረደረ። ስለዚህ መልእክቱን ስልኬ ላይ ሳየው ሳቄ መጣ። ማንበብ ስጀምር ግን ተነስቼ ተቀመጥኩ።

"እንደ እህቴ ልጅ ሳይሆን እንደ ዳኛ እዪልኝ" ይላል። "ጨዋታውን ይዤ፣ እያሸነፍኩ፣ ግንቤን ዝም ብዬ አስበላለሁ። ሻይ ጠረጴዛዬ ላይ አገኛለሁ፣ ማን እንዳመጣው አላውቅም። ሰው አጠገቤ ቆሞ አገኛለሁ፣ መቼ እንደገባ አላውቅም። እናቴን እንዲህ ነው የጀመራት። አእምሮዬ እየሄደ ከሆነ ንገሪኝና ሱቁን በጊዜ ልዝጋ። የሰው ስም አበላሽቼ ከምዋረድ ብሩሹን በክብር ባስቀምጥ ይሻለኛል። ለእትዬ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።"

እትዬ የምንላት ሚስቱን ነው። ቀለም የምትበጠብጥለት እሷ ናት፤ ከተጋቡ ጀምሮ ከጎኑ ባለች ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ብሩሽ ታቀብለዋለች።

አያቴን አስታውሳለሁ። መጨረሻ ላይ እኔን በእናቴ ስም፣ እናቴን በእህቷ ስም ትጠራ ነበር፤ ቆይቶ ስሞቹም አለቁባት። አጎቴ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሾርባ በማንኪያ ሲያበላት "የማን ልጅ ነህ፣ ጎበዝ?" ትለው ነበር። እሱም "የአንዲት ጥሩ ሴት ልጅ ነኝ" ይላታል። ይህን ያየ ሰው መፍራቱ አይገርምም። እኔም ፈራሁ፣ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለራሴም፤ ደሙ አንድ ነው።

ጨዋታዎቹን ከፈትኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የማውቀውን አጎቴን ነው። ፈረሱን ማንም በማይጠብቀው ካሬ ላይ አስቀምጦ፣ እዚያው ረስቶት የሄደ መስሎ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ድንገት ያነሳዋል። የመጫወቻ ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። ሰው አእምሮው እየሄደ እንዲህ ያለ ተንኮል ይሸርባል? ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግንቡን አስበላ። የሚበላው ጳጳስ ጥርት ባለ መስመር ላይ ቆሞ እየታየ፣ ትናንት የጀመረ ልጅ የማይስተው፣ ዝም ብሎ አስበላ።

የቀሩትም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ጨዋታ ላይ ስህተቱ በግራ ጠርዝ ነው፣ ሌላው ላይ በቀኝ ጠርዝ፣ ቀጥሎ እንደገና በግራ። ሰው ሲሳሳት ስህተቱ መልክ አለው፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይስገበገባል፣ አንዱ ንግሥቱን ሲነኩበት ይደነግጣል። የአጎቴ ስህተት ግን ወዲያና ወዲህ የተበተነ ነው። መርሳት እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። "ጠንካራ ጎን" ብዬ ብዙ ጻፍኩ፤ "ማሻሻል ያለብህ" ከሚለው በታች ግን አንድ ቃል መጻፍ አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን እትዬን ዳቦ ቤት ደጃፍ አገኘኋት። ፊቷ ጠቁሯል።

"አጎትሽ ጠልቶኛል" አለችኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

"እትዬ ደግሞ! በዚህ ዕድሜ?"

"ሳቂ አንቺ። ብሩሽ እዘረጋለታለሁ፣ አይቀበለኝም። ሻይ አስቀምጥለታለሁ፣ ቀና ብሎ አያየኝም። ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ አይቶ እንዳላየ አልፎኝ ይሄዳል። እኔም ተቀየምኩና ዝም አልኩት። ዝም ማለቴንም ልብ አላለም።"

"ሥራ በዝቶበት ይሆናል።"

"ሥራ ድሮም ነበረው። ሰው ግን እንዲህ ከጎኑ ያለውን አይረሳም።"

ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አደራው ያዘኝ። ዳቦዋን ታቅፋ ስትሄድ፣ ይቺ ሴት እንዳልተጠላች ሳታውቅ ልትረሳ ነው ብዬ አሰብኩ።

እቤት ገብቼ ሶፋዬ ላይ ተጋደምኩ። ፀሐይዋ እግሬ ላይ ወጥታለች። ከአጎቴ ጨዋታዎች አንዱን በሐሳቤ ዘረጋሁና ቀስ እያልኩ ገባሁበት። ካሬዎቹ የሱቁ ወለል ሆኑ፤ ፈረሶቹ እንደ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ አኳራጅ ይሸታሉ። ወታደሮቹ ገና ያልደረቁ ፊደላት ሆነው ተሰልፈዋል፣ ብነካቸው እጄን ያቀልማሉ። እየሄድኩ ሳለ ጥግ ላይ አያቴን አየኋት፤ ሻሿን አስራ፣ ጉልበቷ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። በራሴ ስም ጠራችኝ። መጨረሻ ላይ የጠፋባት ስሜ ምንም ሳይጎድል ከአፏ ወጣ።

"ከፊቱ ምን ይገትርሻል?" አለችኝ። "ልጄ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ከፈለግሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ እንጂ።"

ነቃሁ። ጋራዡ መዶሻውን ጀምሯል። ዘልዬ ተነሳሁና ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

እኛ ገምጋሚዎች ጨዋታን የምናየው ሁልጊዜ ከነጩ ወገን ነው። ሰውዬው ጥቁር ቢጫወትም ሰሌዳውን አናዞርም፤ ልማድ ነው። ተጫዋቹ ግን እንደዚያ አያይም፤ ነጭም ሆነ ጥቁር ስክሪኑ ላይ የራሱ ጦር ምንጊዜም ከታች ነው። ስለዚህ አጎቴ ጥቁር ሲጫወት ለእኔ ቀኝ የሆነው ለእሱ ግራ ነው። ጥቁር የተጫወተባቸውን ጨዋታዎች እያዞርኩ እንደገና አየሁ። የመጀመሪያው ስህተት በግራ። ቀጥሎ ያለውም በግራ። የተበተነ የመሰለኝ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ጠርዝ ተሰለፈ። በቀኙና በመሃሉ ግን አጎቴ ጭራሽ እንደ ወጣት ነው የሚጫወተው። ሰው እየመረጠ አይረሳም። እየጮህኩ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፣ ጫማዬንም በትክክል ሳላስር ወጣሁ።

ሱቁ በፋርማሲና በሰዓት ሠሪ መሃል የተጨመቀ ነው። አጎቴ ብረት ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ "ጫማ እናድሳለን" የሚል ይጽፋል። ፊደላቱ እንደወትሮው ያምራሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ ቀኝ ተጨናንቀው በግራ በኩል ባዶ ቦታ ተንጣሎ ቀርቷል።

"ባለጫማው መጥቶ አይቶ 'ይቺ ባዶዋ ለኪራይ ናት?' አለኝ" አለ አጎቴ። ሊስቅ ሞከረ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፍርዱን ይዘሽ መጣሽ?"

እትዬ በዝቅተኛዋ ወንበሯ ላይ፣ በግራው በኩል፣ ክንዱን ልትነካው ምንም ሳይቀራት ተቀምጣ ቀለም ታማስላለች። እኔን በዓይኗ ሰላም አለችኝ። ብቻችንን ነን ብሎ እንደሚያወራኝ ያኔ ገባኝ።

በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ አፍንጫዬን እይ።"

"ምን አዲስ ነገር አለው? የአባትሽ አፍንጫ ነው።"

"ዝም ብለህ እይ። ዓይንህን እንዳታንቀሳቅስ። ስንት ጣት ነው?" በቀኙ በኩል ሁለት ጣት አነሳሁ።

"ሁለት።"

በግራው በኩል ሦስት ጣት አነሳሁ። አጎቴ አፍንጫዬን እያየ ቆየ።

"ቀጥዪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ።

ጣቶቼን አወዛወዝኩ። ምንም አላለም። ወደ መሃል እያመጣሁ አፍንጫዬ አጠገብ ሲደርሱ ብቻ "ሦስት! ከየት አመጣሽው?" ብሎ ደነገጠ።

እትዬ ማማሰሏን አቆመች። ማማሰያዋን አስቀምጣ ቀለም የነካው እጇን ቀስ ብላ አነሳች፣ በግራ ጉንጩ ትይዩ ወዲያና ወዲህ አደረገችው። አጎቴ አፍንጫዬን ያያል። ደግማ አወዛወዘችው።

"እዚህ ነኝ እኮ" አለችው።

ከነወንበሩ ዞረ። "አንቺ! መቼ ገባሽ?"

"ከጠዋት ጀምሮ።"

አጎቴ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያለውን የቀዘቀዘ ሻይ አየ፣ እሷን አየ። "ሻዩንስ?"

"ሌላ ማን ያመጣልሃል?"

"እኔ እኮ የምረሳ መስሎኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ የጠላኸኝ።"

እኔ በዚህ መሃል መነሳት ነበረብኝ፤ ጨዋ ሰው ይነሳል። እግሬ ግን እሺ አላለኝም። እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፊቱን ያዘችው፤ ጉንጩ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀረ።

የዓይን ሐኪሟ በብዙ መሣሪያ መርምራው ወደ ሌላ ሐኪም ላከችን፤ እሱም የአንጎሉን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ አስረዳን። ዓይኑ ራሱ ደህና ነው። የሚታየውን ወደሚተረጉመው የአንጎል ክፍል የምትሄድ ትንሽ የደም ሥር ተዘግታ፣ የሁለቱም ዓይኖች የግራ እይታ ጠፍቷል፤ ምናልባት ተኝቶ ሳለ ነው። መመለሱ ያጠራጥራል። ሌላ እንዳይዘጋበት መድኃኒት አዘዘለት። ማሰቡና ማስታወሱ ግን አልተነካም፤ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገምነው። አጎቴ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። የደስታ ነው አለን፤ ግማሹ እንደሆነ አምናለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዓይንም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም፣ ያላየውን አላየሁም ብሎ ለጌታው አይናገርም።

ሱቁ አልተዘጋም። የባለጫማው ታፔላ እንደገና ተጻፈ፣ አሁን ለኪራይ የሚሆን ባዶ ቦታ የለውም። እትዬ ወንበሯን አንስታ ወደ ቀኙ ልታዞር ስትል ግን አጎቴ ተቆጣ።

"ተይው፣ እዚያው ይሁን።"

"አታየኝም እኮ፣ ሰውዬ!"

"ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ መዞር ልመድ ብሎኛል። ባዶ ግድግዳ ለማየት የሚዞር ማን አለ?"

ወንበሯ እዚያው ቀረች።

ግምገማውን ጽፌ ላክሁለት። ጠንካራ ጎን፦ ትዕግሥት፣ ፈረስ፣ ተንኮል። ማሻሻል ያለብህ፦ ከመንቀሳቀስህ በፊት ወደ ግራ ዙር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛውን ክፍል የሚያከብር ደንበኛ አገኘሁ፤ ግንብ ማስበላቱን ተወ፣ ያለፉትን ወራት ሽንፈት አንድ በአንድ መመለስ ያዘ።

ትናንት ደግሞ አንድ ጨዋታ ላከልኝ። ሰነፉ ፈረስ ከተረሳበት ተነስቶ የተቃዋሚውን ንጉሥ ጥግ አስይዞታል፤ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። እሷን ሳይጫወታት ሰዓቱ አልቆበት ተሸነፈ። ደወልኩለት።

"ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? በእጅህ የገባ ጨዋታ እኮ ነው!"

"ምንም አልሆንኩም። እንዳልሽኝ ወደ ግራ ዞሬ ነበር።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ?"

ከስልኩ ወዲያ የእትዬ ሳቅ ተሰማኝ። "እያወራን ነበር" አለኝ።

ግምገማውን ከፈትኩ። የሰዓት አጠቃቀም ብዬ ጀመርኩና ትንሽ አስቤ አጠፋሁት።